ፊደል ያለው ጥለት

የእትየ ትርንጎ ቀብር የተፈጸመው ተወልዳ ባደገችበት በይፋግ ነው። ሰዉ ብዙ ነበር። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ደሳለኝ የሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የባህላችን አምባሳደር፣ የዕደ ጥበብ እናት፣ ለልማት የነበራት ተነሳሽነት እጅግ ከፍተኛ የሆነ...» እያለ ሲወርድ ከጎኔ የቆመች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ከደነች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

አልፈረድኩባትም። ይኸው ደሳለኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእትየ ትርንጎን ሱቅ በገዛ እጁ ያሸገ ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩ ይህን አልጠቀሰውም። ሌላም ብዙ ነገር ዘሏል። የተዘለለውን እኔ ልናገር፤ ከእሷ ጋር ለዓመታት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናልና።

ወረታ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል የእሷ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። መሀላችን ያለው ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለሆነ መቀሷ ሲቆርጥ ይሰማኛል። ምላሷ ሲቆርጥማ ለመንገደኛውም ይሰማ ነበር።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበረች። ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። እስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ስለምታወራ ሰው ሁሉ ቃሏን ለመስማት ወደ እሷ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ሲልላት ደግሞ የምትለውን ትለዋለች። እናቷ በይፋግ ገበያ የታወቀች የመሶብ ሰፊ ስለነበረች ከልጅነቷ ጀምሮ ወስፌ ይዛ አድጋለች። በኋላ ጎንደር ሄዳ የልብስ ስፌት ተማረችና ሁለቱን ሙያ አጋባቻቸው። ሌላው ልብስ ሰፊ ጨርቅን ከጨርቅ ይሰፋል። እሷ ስንደዶና አክርማውን፣ የቆዳ ጠፍሩን፣ በእጅ የተሸመነውን ሸማ፣ የካህናቱን ካባ ጥልፍ አንድ ቀሚስ ላይ ታገናኛቸዋለች። ለመሶብ የሚሆነው ስፌት አንገትጌ ይሆናል፤ ለኮርቻ የሚሆነው ቆዳ ቀበቶ ይሆናል። ያየ ሰው መጀመሪያ ይማረክበታል፤ ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። የሚቆረቁረውን ነገር ሆን ብላ ነው የምታስገባው።

«ከሹመት በኋላ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው አተነፋፈሱ ይለያል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሜትሩን ደረቱ ላይ ስታዞርበት ሰውየው አየር ስቦ ይነፋል። እሷም ሜትሩን እንደያዘች ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ፊቱ እስኪጠቁር ታግሎ ታግሎ ሲተነፍስ፣ ያኔ ትለካዋለች። «አይዞህ ወንድሜ፣ የምሰፋው ለአንተ ነው፤ ወንበሩ የራሱ ጨርቅ አለው» ትለዋለች። ሰውየው ተናዶ ይወጣል፤ ልብሱ ሲደርስ ግን ልክክ ስለሚልለት ተመልሶ ይመጣል።

ደሳለኝም እንደዚያ ነው የመጣው። ከበላይ ኃላፊዎቹ ጋር ትልቅ ስብሰባ ነበረበትና «ባህላዊም ዘመናዊም የሆነ ኮት» አዘዛት። ደሳለኝ በስብሰባ ላይ ጭንቅላቱን በመነቅነቅ የታወቀ ሰው ነው። ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት የእሱ ጭንቅላት ሥራ ይጀምራል። እትየ ትርንጎ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰፋችለትና አንገትጌውን በመሶብ ስፌት፣ በቀይና በአረንጓዴ አክርማ፣ እስከ አገጩ ድረስ አቆመችው። መስተዋት ፊት ሲቆም መስፍን መሰለ። እኔ ራሴ ቀናሁበት።

በስብሰባው ቀን ዋናው ኃላፊ ሲናገሩ ረድፉ በሙሉ ይነቀንቃል። ደሳለኝ ብቻ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ኃላፊው ንግግራቸውን አቆሙ።

«አቶ ደሳለኝ፣ ያልተስማማህበት ነገር ያለ ይመስላል።»

«ኧረ የለም ጌታዬ!» አለ፤ ሊነቀንቅ ሞከረ፣ ስንደዶው አገጩን ያዘው።

«ካለ በግልጽ ተናገር እንጂ። ይሄ መድረክ የውይይት ነው።»

«አንገትጌው ነው ጌታዬ። ተስማምቻለሁ፣ አንገትጌው ነው እንቢ ያለው።»

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ እሷ ዘንድ መጣ። አንገቱ ዙሪያውን ቀልቷል። «እትየ፣ ምን አድርገሽ ነው የሰፋሽው? አንገቴን አላንቀሳቅስ አለኝ እኮ!»

«አንገትህ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አለችው እስፒሏን ሳታወጣ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ሠራ።»

ኮቱን ግን አልመለሰላትም። ለሻይ ሲወጡ አንድ የሥራ ባልደረባው እጁን ጨብጦ «አንድ ወንድ ዛሬ አየን» ብሎታል አሉ። ከዚያ በኋላ ደሳለኝ ያን ኮት ለሠርግና ለለቅሶ እንጂ ለስብሰባ ለብሶት አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ያው መሥሪያ ቤት ለእንግዶች የባህል ልብስ ትርዒት አዘጋጀና «የፎገራን ገጽታ የሚያሳይ ቀሚስ» እንድትሠራ ጠየቃት። ሠራችላቸው። ደረቱ ላይ የሩዝ ቡቃያ ጠለፈች። ወገቡ ላይ የፎገራ ላም ቀንድ የመሰለ የቆዳ ቀበቶ አደረገች። ከጉልበት በታች ያለውን ሸማ ግን የሜዳውን ጥቁር አፈር በውሃ በጥብጣ፣ ነክራና ቀቅላ አጠቆረችው። ጥቁሩ የሚጀምርበት መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤት ውስጥ ሲገባ ግድግዳ ላይ ትቶት የሚሄደውን ምልክት ይመስላል።

ደሳለኝ ቀሚሱን አነሳና አገላበጠው። «ይሄ ታች ያለው ምንድን ነው?»

«ክረምት ነው።»

«ቆሻሻ ይመስላል እኮ እትየ።»

«ጭቃ ነው የኔ ወንድም። እናንተ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ መጥታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ስለምትመለሱ ቀለሙን አትለዩትም።»

ሌላ ለማሠራት ጊዜ ስላልነበረ ቀሚሱ ለመድረክ ቀረበ። ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች አንገታቸውን አስግገው አዩት። ክረምት በመጣ ቁጥር ከብቶቿን እየነዳች ወደ ከፍታው የምትሸሽ አንዲት አሮጊት «እሰይ፣ ይሄስ የእኔ ቤት ነው» ስትል ሰማኋት። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እንግዶች ግን ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ሁለት ቀለም! እንዴት ያለ ፈጠራ ነው!» ተባለ። ከዚያ በኋላ የወረታ እመቤቶች የእትየ ትርንጎን በር አጣበቡት፤ «የጭቃ ቀሚስ» ካልሰፋሽልን አሉ። ከባጃጅ ሲወርዱ ጭቃ እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጣታቸው የሚራመዱ ሴቶች ያንኑ ጭቃ በልካቸው አሰፉት።

እትየ ትርንጎ ለብዙ ቀን አልሳቀችም። አንድ ቀን ኮምፔርሳቶውን በመቀሷ አንኳኳችና ጠራችኝ።

«ይርጋ፣ ትሰማኛለህ? ስድብ ሰፍቼ ሰጠኋቸው፤ ‹ትንሽ ሰፋ ይበልልን› አሉኝ።»

«ወደውልሻል ማለት ነው እኮ» አልኳት።

«እሱ ነው የከፋኝ። ሥዕል አይገባቸውም። ከእንግዲህ በፊደል ነው የምነግራቸው።»

የፊደሉ ቀን የመጣው በአቶ ታከለ በኩል ነው።

አቶ ታከለ በከተማችን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ናቸው። ማስረሻ የሚባለው ልጃቸው ዘመናይ የምትባል መምህርት ይወዳል። ዘመናይ ቆንጆ ነች፣ ጨዋ ነች፣ የከተማውን ልጆች ፊደል ታስቆጥራለች። ነገር ግን የሸማኔ ልጅ ነች። አባቷ አያ ልየው ይፋግ ዳር ተቀምጦ ይሸምናል። በዚያ አገር የእሱን ጋቢ ያልለበሰ አባወራ የለም፤ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ግን ጥቂት ነው። ሠርግ ሲጠራ ዳር ያስቀምጡታል። ዓይኑን የሚፈሩትም አሉ። ማስረሻ ለአባቱ ሐሳቡን ሲገልጽ አቶ ታከለ «የሸማኔ ዘር ከቤቴ አይገባም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ይህን ባሉበት ሰሞን ታላቂቱን ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ደገሱ፤ ልብስ ሊያዙም እትየ ትርንጎ ዘንድ መጡ። ንግግራቸውን ከወዲህ ማዶ ሆኜ አንድ ሳይቀር ሰምቻለሁ።

«ሰው አይቶት የማያውቅ ልብስ ነው የምፈልገው፣ ትርንጎ። ለእኔም፣ ለባለቤቴም፣ ለሙሽራዋም፣ ለልጆቹም።»

«በእጅ የተሸመነ ይሁን?»

«በእጅ እንጂ! የፋብሪካውንማ ማንም ይለብሰዋል።»

«እንግዲያው ከአያ ልየው እጅ የሚበልጥ እጅ በዚህ አገር የለም።»

«ይሸምን፣ ግድ የለም። ስሙ ግን እኔ ቤት እንዳይነሳ።»

«እሺ አቶ ታከለ» አለች። «አፌ አያነሳውም።»

ቃሏን ጠብቃለች። አፏ አላነሳውም። የጥለቱን ንድፍ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሣለችና ለአያ ልየው ወሰደችለት። አያ ልየው ፊደል አልቆጠረም። ከመስቀሉና ከአልማዙ መሀል ያለውን ቅርጽ እሷ «ሐረግ ነው» ስላለችው ሐረግ ነው ብሎ ሸመነው። ፊደሉ በጎኑ የተኛ ስለሆነ አንገቱን ያላጋደለ ሰው አያነበውም። ልብሱን ያስረከበችውም በሠርጉ ጧት ነው። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሲያሳልፍ ማንም ስለማይደነቅ የጠረጠረ አልነበረም። ቤተሰቡ እየተጣደፈ ለበሰና ወደ ድንኳኑ ወጣ።

እኔም ተጠርቼ ነበር። በእውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን የደመቀ ቤተሰብ አላየሁም። የአቶ ታከለ ካባ ብቻውን ድንኳኑን ሞላው። የነፍስ አባታቸው፣ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ፣ በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሲያነቡ እንደ ድሮው እያንዳንዱን ቃል አስረዝመው ነው። አቶ ታከለ መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ የካባቸው ጠርዝ ከመሪጌታ ዓይን ሥር ወደቀ። መሪጌታ ጭንቅላታቸውን አጋደሉ። ፊደል ሲያዩ ከዳዊት የተወሰደ መሰላቸውና በአክብሮት ሳሙት። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ይህን... ልብስ...»

ቡራኬ የተጀመረ መስሎት ድንኳኑ ብድግ አለ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አማተቡ።

«...የሸመነው... ልየው... ዘለቀ... ነው።»

ቀጥሎ ሰዉ አንገቱን ያጋድል ጀመር። አንዱ የወይዘሮዋን ቀሚስ ዘርፍ ያነባል፣ ሌላው የልጆቹን እጅጌ፣ ሌላው የሙሽራዋን ካባ። የትም ቢያነቡ ያው ልየው ነው። ድግሱን የወረሰው ልየው ነው። እሱ ራሱ ግን አልተጠራም።

አቶ ታከለ ካባቸውን እያዩ «አውልቁ!» ብለው ጮኹ። «ሁላችሁም አውልቁ!»

«ምን እንልበስ?» አሉ ባለቤታቸው በቀስታ። «በገላችን ላይ ያለው ሁሉ የትርንጎ ነው።»

«እኔ አላወልቅም» አለች ሙሽራዋ። «እንዲህ ያለ ልብስ በዕድሜዬ ደግሜ አልለብስም።»

መሪጌታ የሆነው ነገር ገና እየገባቸው ነበር። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ልጄ ታከለ» አሉ፣ «ምን አዲስ ነገር ተገኘ? የመቅደሳችንን መጋረጃ የሸመነው ይኸው ልየው አይደለም ወይ? እሱን ስንሳለም ኖረናል።»

ሠርጉ ቀጠለ፤ ግን አቶ ታከለ ካባቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርገው ነው የዋሉት።

ብዙም ሳይቆይ፣ አቶ ታከለ አቤት ብለው ነው መሰል፣ ደሳለኝ ማሸጊያውን ይዞ መጣ። «በባህል ልብስ ላይ ጽሑፍ ማስፈር ከባህላችን ውጭ ነው» አላት።

«ፊደሉስ የማን ነው? ከውጭ ነው የመጣው?»

«እኔ ታዝዤ ነው እትየ።»

«አውቃለሁ። ያን ኮት ለብሰህ ቢሆን ኖሮ እሺ አትልም ነበር።»

በሩ ታሸገ። የስፌት መኪናዋም ውስጥ ቀረ። እትየ ትርንጎ ከእኔ ወንበር ወስዳ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና በእጇ መስፋት ቀጠለች። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያወራታል፤ በሰሞኑ የከተማው ጀግና እሷ ነበረች። የሙሽራዋ ፎቶ በየስልኩ ዞሮ ነበርና ጥለቱን የሚፈልግ ሰው በዛ። ችግሩ ሁሉም ሰው ጥለቱ ላይ እንዲጻፍ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው። «የእኔን ስም ጻፊልኝ» ይላታል። «አንተ ነህ እንዴ የሸመንከው?» ትለውና ታሰናብተዋለች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

አያ ልየው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከሚኒባስ ወርዶ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ እንደ ልማዱ በመንገዱ ዳር ዳር ሲሄድ አየሁት። የሰጠችውን ክር በሙሉ በከረጢት ይዞ መጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«ትርንጎ፣ ምንድን ነው ያሸመንሽኝ?»

«ስምህን ነዋ አያ ልየው!» አለች ፊቷ በርቶ። «አገር በሙሉ አነበበው!»

«ማን አዘዘሽ?»

የያዘችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ታከለን መስደብ ፈለግሽ፣ መልካም። ስድቡ የአንቺ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው፣ ስሙም የእኔ ነው። ስሜን እንደ መርፌ ያዝሽና እሱን ወጋሽበት።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጄን ተማሪዎቿ ‹ጥለቷ መጣች› ይሏታል። ማስረሻንም አባቱ ባሕር ዳር ሰዶታል፤ እንዳይገናኙ። ይሄን ታውቂያለሽ?»

«ማስረሻ መሄዱን አልሰማሁም።»

«ታዲያ ማን ይንገርሽ? አንቺ እያወራሽ።»

ይህን ብሎ ሄደ። እትየ ትርንጎ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና መዳፏ ላይ ይዛ ቀረች።

ሰንበት ብላ «ይርጋ፣ ይፋግ አድርሰኝ፤ ብቻዬን ከሄድኩ መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ» አለችኝ። ሄድን። አያ ልየው በጓሮው ድር ሲያደራ ነበር። እሷ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳችና ትከሻዋ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ይቅርታ በአገራችን ወግ የሚጠየቀው እንዲያ ነው፤ ሰውን ሁሉ ስታስጎነብስ የኖረች ሴት ጎንበስ ብላ ሳያት ግን ወደ ሌላ ዞርኩ።

«አጠፋሁ፣ አያ ልየው። ሳልጠይቅህ አደረግሁት።»

ድሩን አልተወም። ወዲያ ሄዶ፣ ወዲህ ተመልሶ፣ ክሩን ካስማው ላይ አዙሮ አሰረ። እሷም ድንጋዩን እንደተሸከመች ነው።

«አውርጂው» አላት በመጨረሻ። «ወገብሽን ነው የምትሰብሪ።»

ድንጋዩን ስታስቀምጥ ወደ ቤት ገባና ከጥለቱ የተረፈችውን ቁራጭ ይዞ ወጣ። መሬት ላይ ዘረጋት።

«የትኛዋ ናት እኔ?»

ተንበርክካ በጣቷ አሳየችው። «ይቺ ‹ል› ናት። ይቺ ‹የ›። ይቺ ‹ው›።»

ረዥም ጊዜ አያት። በአውራ ጣቱ መዳበስ ጀመረ፤ መጨረሻዋ ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚች ላይ ማጉ ላልቷል» አለ። «ስሜ መሆኑን ባውቅ አጠብቀው ነበር።»

እትየ ትርንጎ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ሱቁ በኋላ ተከፈተ፤ እንዴት እንደተከፈተ በትክክል አላውቅም። አንዲት የኃላፊ ሚስት ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ አስጀምራ ነበርና፣ ቀሚሱ ከታሸገው ቤት ውስጥ መቅረቱ ጉዳዩን ያፋጠነው ይመስለኛል። ማስረሻ ደግሞ ባሕር ዳር ተቀምጦም ሐሳቡን አልቀየረም። ሌላ ሴት ሲያጩለት እንቢ አለ፣ ለበዓል ሲጠሩት ቀረ። እናቱ አልቅሰው፣ መሪጌታ ገሥጸው፣ አቶ ታከለ በስተመጨረሻ ተረቱና ወደ አያ ልየው ሽማግሌ ላኩ።

አያ ልየው ሽማግሌዎቹን አክብሮ ተቀበለ። «ልጄ ከወደደች አልከለክልም» አላቸው። «የሠርጉንም ልብስ እኔው እሸምናለሁ። የሚያዘኝ ሰው ግን ራሱ መጥቶ ይዘዘኝ።»

አቶ ታከለ ይህ መልስ ሲደርሳቸው እትየ ትርንጎ ዘንድ መጡ። ካባ ያዘዙ ጊዜ የነበራቸው ድምፅ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው። ሄደሽ አንቺው አስተካክይው። ልብሱን በአንቺ በኩል ልዘዝ።»

«እኔ አንዴ በእሱ ስም ተናግሬ አይቼዋለሁ» አለቻቸው። «ሁለተኛ አልናገርም። ከፈለጉ መንገዱን አሳይዎታለሁ።»

እኔንም አስከትላ ሄድን፤ ክረምት ነበር። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ አያ ልየው ቤት የሚወስደው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። አቶ ታከለ አዲስ ጫማ አድርገው ነበር፤ አንደኛውን ጭቃው ስቦ አስቀረባቸውና ተመልሰው ሲያወጡት እትየ ትርንጎ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ለመሳቅ እሷን ብጠብቅ መንገዷን ቀጠለች። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ አቶ ታከለ ጎንበስ ብለው ገቡ። አያ ልየው የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ እየሸመነ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች እኩያ ናቸው። በአንድ ሜዳ ከብት ጠብቀዋል። ግን ወረታም ይፋግም አንዱን «እርስዎ» ሌላውን «አንተ» ሲል ኖሯል፤ ማንም ያን ልብ ብሎት አያውቅም፤ እኔም ይህን ስጽፍ ያንኑ ነው ያደረግሁት። አቶ ታከለ ከበሩ ውስጥ ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ልየው።»

ማጉን የሚያመላልሰው መወርወሪያ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። አያ ልየው ቀና ብሎ አያቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቺ ጫፍ እስክትደርስ ይቀመጡ፣ አቶ ታከለ።»

አቶ ታከለ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። መወርወሪያው ጉዞውን ቀጠለ። እትየ ትርንጎ እጅጌዬን ያዘችና ጎትታ አወጣችኝ።

ከውጭ ከአጥሩ ሥር ቆምን። ካፊያው ጀምሮ ነበር። ሩዙ እስከ ዓይን መጨረሻ አረንጓዴ ነው። የሽመናው ድምፅ ትንሽ ቆይቶ ቆመና የሁለት ወንዶች ድምፅ ተተካ፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

«ምን እየተባባሉ ይሆን እትየ?»

ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና መንገዱን ጀመረች።

«እኔን አይመለከተኝም» አለች። ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።